የሰው ድርሰት ሳይነካ፦ ስለ ፓኬጅ ማኅደር አከፋፈት

በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የግእዝ ፊደላችን በመልካም ቅርጹ እንዲነበብ ከሚያደርጉት አገልጋዮች አንዱ፣ ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 በመሠረተው በዴቢያን ውስጥ የሚገኘውና «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የተባለው ፓኬጅ ሲሆን፣ ፊደሉን አይተው የሚያደንቁት ብዙዎች ሆነው ሳለ፣ የፊደሉን ፋይል ከሠሪው ተቀብሎ፣ ስሙንና ፈቃዱን ጽፎ፣ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ትእዛዝ እንዲጫን አድርጎ የሚያዘጋጀውን የፓኬጅ ሠሪ ጥበብ የሚያነሣ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

የፓኬጅ ሠሪው ሥራ ስለሚቀመጥበት፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሠራው ስለ ጊት ብዙ አልናገርም፤ ለውጥን ሁሉ ከነጸሐፊውና ከነዕለቱ ይመዘግባል፣ «ጊት ኢኒት» ብሎ ማኅደሩን (ሬፖዚቶሪውን) መክፈትም የቅጽበት ሥራ ነው። ሙሉው ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚያድር፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገራችን ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ማኅደሩን የያዘ ሰው ለውጡን እየመዘገበ መሥራት ይችል ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ የፕሮግራሙ ማኅደርና የፓኬጁ ማኅደር አንድ ይመስሉታልና። መካኒሳ አቦ አጠገብ የሚኖር አንድ ትጉህ ወጣት፣ ሌላ ሰው የጻፈውን የዘመን መቁጠሪያ ፕሮግራም ፓኬጅ ሊያደርግ ተነሥቶ፣ እርማቱን በቀጥታ በደራሲው ፋይሎች ውስጥ ጽፎ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያስተካከልኩት፤ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግሩማ ደራሲው አዲስ እትም ባወጣ ዕለት ይታያል፤ የትኛው ቃል የደራሲው፣ የትኛው የአራሚው እንደሆነ ለይቶ የሚመሰክር አይኖርምና።

ሥርዓቱስ እንዲህ ነው፦ የአንድምታ መምህር ንባቡን ሳይነካ ትርጓሜውን ከሥሩ እንደሚያስከትል፣ ፓኬጅ ሠሪውም «አፕስትሪም» በተባለው ቅርንጫፍ የደራሲውን ሥራ እንደ ወጣ ያኖራል፤ የራሱን ሁሉ ግን በሌላ ቅርንጫፍ፣ «ዴቢያን» በሚባል አቃፊ ውስጥ ያደርጋል። አዲስ እትም ሲመጣ «ጂቢፒ ኢምፖርት-ኦሪግ» የተባለው ትእዛዝ ወደ ንጹሑ ቅርንጫፍ አስገብቶ ከፓኬጁ ቅርንጫፍ ጋር ያዋሕደዋል፤ እርማትም ቢያስፈልግ «ጂቢፒ ፒኪው» እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ምክንያቱ የተጻፈበት ፓች (የእርማት ፋይል) አድርጎ ያወጣዋል። ይህን ንቆ የደራሲውን ፋይል በቀጥታ የነካ፣ ፓኬጁ «3.0 ኪልት» በተባለው አቀማመጥ የተዘጋጀ እንደሆነ፣ የፓኬጅ መገንቢያው መሣሪያ ያልተመዘገበ ለውጥ አገኘሁ ብሎ ሥራውን ያቆምበታል፤ ማቆሙም ተገቢ ነው።

ንጽሕናው እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅ ልብ በሉ። ጊት የፋይሎቹን ይዘት እንጂ ደራሲው ያወጣውን የታመቀ ጥቅል ራሱን አይጠብቅም፤ ይዘቱ አንድ ሆኖ ሳለ እንደገና የታመቀው ጥቅል በባይት ሊለያይ ይችላል፣ የዴቢያን ግምጃ ቤት ደግሞ ለአንድ እትም ሁለት የተለያዩ ጥቅሎችን አይቀበልም። ስለዚህ ጆይ ሄስ የተባለው ሊቅ «ፕሪስቲን-ታር» የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ይህም በማኅደሩ ውስጥ ጥቂት የልዩነት መዝገብ ብቻ አኑሮ፣ የመጀመሪያውን ጥቅል አንድ ባይት ሳይጎድል መልሶ ያስገኛል። ለሌላ ሰው ድካም እንዲህ ያለ አክብሮት በመሣሪያ ተቀርጾ በማየቴ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የእትሙን ቁጥር በ«ቼንጅሎግ» ፋይል ሳይጽፉ በጊት ምልክት ብቻ የሚተዉትን ግን እወቅሳለሁ፤ የፓኬጁ ቁጥር የሚነበበው ከዚያ ፋይል ነውና። ይህ ከተሟላ በኋላ «ጂቢፒ ቢልድፓኬጅ» በ«ኤስቢልድ» ንጹሕ ክፍል ውስጥ ፓኬጁን ያስገነባል፤ በዚያ ክፍል በ«ኮንትሮል» ፋይል ያልተጠራ ጥገኛ ፓኬጅ ስለማይገኝ፣ በቤቱ ኮምፒዩተር የሠራለት ፓኬጅ እዚያ የወደቀበት ሰው ማረም ያለበት ያንን ፋይል ነው።