የቤት ድመት መጸዳጃ ሣጥን

ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖረው ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ከሚኖረው የዱር ድመት ሲሆን፣ ለስላሳ አፈር ፈልጎ መጫር፣ በጫሩት ጉድጓድ መጸዳዳትና መልሶ መቅበር ከዚያው የወረሰችው ጠባይ ነው። በመሆኑም ድመትን በሣጥን እንድትጸዳዳ ማስለመድ ውሻን ከማስለመድ በእጅጉ ይቀላል፤ ከአሳዳሪዋ የሚጠበቀውም አዲስ ጠባይ ማስተማር ሳይሆን ተፈጥሮዋ የሚሻውን አፈር በሚስማማት ሁኔታ ማቅረብ ነው። ግቢ ባለው ቤት ይህ ፍላጎት ያለማንም እርዳታ ይሟላል፤ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ግን የሚጫር መሬት ስለሌለ ሣጥኑ የግድ ይሆናል።

የድመት ግልገል እስከ ሦስት ሳምንት ዕድሜዋ ድረስ የምትሸናውና የምትጸዳዳው እናቷ ሆዷንና መቀመጫዋን እየላሰች ስታነቃቃት ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ራሷን ችላ አፈር መጫር ትጀምራለች። ጠርዙ ዝቅ ያለ ሣጥን ሊቀርብላት የሚገባው ያኔ ሲሆን፣ ከበላች ወይም ከእንቅልፏ ከነቃች በኋላ ቀስ ብሎ እዚያ ማስቀመጥ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። እግሯን ይዞ እንድትጭር ማስገደድ ግን ሣጥኑን እንድትፈራው ስለሚያደርግ መቅረት አለበት።

በሣጥኑ ውስጥ የሚደረገው ነገር ለረጅም ዘመን አሸዋ፣ አመድ ወይም ሰጋቱራ ነበር። በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤድዋርድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ በሚሺጋን ግዛት ፈሳሽ መጣጭ የሆነ ደረቅ የሸክላ አፈር ለድመት መጸዳጃ አድርጎ መሸጥ ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ቤንቶናይት የተባለው፣ እርጥበት ሲነካው አብጦ የሚጓጉለው የሸክላ ዓይነት ሥራ ላይ ዋለ፤ ይህም የረጠበውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማውጣት አስቻለ። ትንንሽ ግልገሎች ያገኙትን ሁሉ ስለሚቀምሱ፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሊያብጥ የሚችለው ይህ ዓይነት ለእነርሱ አይመከርም። የታሸገው ምርት በማይገኝበት ወይም ዋጋው በሚከብድበት ቦታ ንጹሕ አሸዋ ወይም ቀለምና ኬሚካል ያልነካው ሰጋቱራ ያገለግላል። ሽቶ የተጨመረበት ግን የሰውን አፍንጫ እንጂ የድመቷን አያስደስትም።

ሣጥኑ ድመቷ እንደ ልብ የምትዞርበት ስፋት ሊኖረው፣ አፈሩም አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጠልቅ ይገባል፤ ቦታው ጸጥ ያለና ከምግቧ የራቀ ይሁን። የእንስሳት ሐኪሞች በአንድ ቤት ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ የሚበልጡ ሣጥኖች እንዲኖሩ ይመክራሉ።

ሣጥኑን የለመደች ድመት በድንገት ምንጣፍ ላይ ብትሸና፣ አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ ማሸት ወይም መምታት ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ጥቅም የለውም፤ ቅጣቱን ከድርጊቷ ጋር አታገናኘውምና የምትማረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው። መጀመሪያ መመርመር ያለበት የሣጥኑ ንጽሕናና የድመቷ ጤና ነው፤ የፊኛ መቆጣት፣ ጠጠር ወይም የኩላሊት ሕመም በዚህ መንገድ ሊገለጥ ይችላል። በተለይ ወንድ ድመት ሣጥኑ ጋ እየተመላለሰ እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁኔታ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ስለሚችል፣ ለነገ ሳይባል ወደ እንስሳት ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። ቆሞ፣ ጅራቱን አቅንቶ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ግን ይህ ግዛቱን የሚያሳውቅበት ምልክት እንጂ የመጸዳጃ ስሕተት አይደለም፤ ማኮላሸትም በአብዛኞቹ ወንዶች ላይ ያስቀረዋል ወይም ይቀንሰዋል።

ሽንት የነካውን ቦታ በበረኪና ማጽዳት የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ በቆየ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪናው ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። በሳሙናና በውኃ ደጋግሞ ማጠብ ይሻላል።

ዓይነ ምድሯን በየቀኑ ማውጣት የሚያስፈልገው ለሽታው ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የተባለው፣ በእርግዝና ወቅት ከያዘ ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ጥገኛ ተሕዋስ ከድመት የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ሲሆን፣ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት፣ በዕለቱ የተጠረገ ሣጥን ስጋቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው መተው፣ ካልሆነም ጓንት አጥልቃ መሥራትና እጇን በሚገባ መታጠብ አለባት። በእርግዝና ምክንያት ድመቷን ከቤት ማባረር ግን አስፈላጊ አይደለም፤ አንዲት ድመት ተሕዋሱን በብዛት የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ሰውም በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልት ይያዛልና፣ ድመቷ ብትሄድም ጥሬ ክትፎና ቁርጥ ከነፍሰ ጡሯ ማዕድ እስካልራቁ ድረስ ስጋቱ አይወገድም።