የሳጥኑ ብረት ለምን ጎበጠ?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆነህ ስለ ብረት ምን አገባህ እንዳትሉኝ፤ ያገባኛል።

ኦክቶበር 15 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሜልቦርን ሲሠራ የነበረው የዌስት ጌት ድልድይ ተደርምሶ 35 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ ከብረት ላሜራ እንደ ሳጥን የተገጣጠመ ነበር። ጎን ለጎን የሚገጠሙት ሁለት ግማሾች በ11 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲበላለጡ፣ ከፍ ባለው ላይ የኮንክሪት ብሎኮች ተጫኑበት፤ ላሜራው ጎበጠ። ጉብታውን ለማቃናት ብሎኖች ሲፈቱ ድልድዩ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወረቀት ሲስቡት ይችላል፣ ከጫፍና ከጫፍ ሲገፉት ግን ወዲያው ይታጠፋል። ስስ ላሜራም እንደዚያው ነው። ከአደጋው በኋላ መሐንዲሶች የሳጥን ሞዴሎችን እስኪጎብጡ ድረስ በላቦራቶሪ እየተጫኑ ፈተኑ። ከብየዳ የሚመጣ ትንሽ መጣመም እንኳ ጉልበቱን ይቀንሰዋል።

በዌስት ጌት ጉብታው አስቀድሞ ታይቶ ነበር። እኛም «ስንት ሰው ሞተ?» ብለን ብቻ አናቁም፤ «ማን አየ? ሥራውስ ለምን አልቆመም?» እንበል።