የእንጨት ሞርሳ በአሳይታ ሙቀት

አናጺ መጋዝ ከማንሳቱ በፊት እንጨቱን የሚይዝለት ያስፈልገዋል። ልጅ ጠርቶ ማስያዝ፣ በጉልበት መጫን፣ በእግር መርገጥ የቆየ ዘዴ ነው፤ ዛሬም በዚያው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ሁለት እጅን ለሥራው ነጻ የሚያደርገው ሞርሳ ግን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር የሚታሰር፣ ሁለት መንጋጋ ያለውና በብሎን የሚጠብቅ መያዣ ነው። ዕድሜውም አጭር አይደለም፤ በጀርመኗ ኑርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1505 የተዘጋጀው የሎፍልሆልዝ የሥዕል መጽሐፍ የአናጺ ጠረጴዛን ከነሞርሳው ያሳያል።

በቅድሚያ የእንጨቱን ሞርሳ ከብረቱ እንለይ። የብረት ሠራተኛው ሞርሳ ከጠረጴዛው በላይ ቆሞ የሚታይ፣ መንጋጋው ጥርስ ያለው ነው። እንጨት ሲነክስ ምልክቱን ጥሎ ያልፋል፤ ለበር ጉበን ወይም ለአልጋ ራስጌ የተላገ ጣውላ ላይ ያ ምልክት በቀላሉ አይጠፋም። የአናጺው ሞርሳ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል፤ መንጋጋው ሰፊና ለስላሳ ሆኖ በእንጨት ይለበጣል።

ቦታው ለቀኝ እጅ ሠራተኛ የጠረጴዛው ፊት፣ ግራ ጫፍ፣ እግሩ አጠገብ ነው። መላጊያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲገፋ ኃይሉን የሚቀበለው ያ ጫፍ ነው፤ መሮ ሲመታም ጭነቱ በቀጥታ ወደ እግሩ ይወርዳል። መሐል ላይ የታሰረ ሞርሳ ግን ጠረጴዛውን ያዘልለዋል።

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው። የኋላው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ሁለት ሜትር የሚሆን የበር ጣውላ በጎኑ ሲቆም አንድ ጫፉ ሞርሳው ውስጥ ይገባል፣ ቀሪው በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይደገፋል። መንጋጋው ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ከሆነ ጣውላው ከጠርዙ ይርቅና መላጊያው ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጠርዙ በመሮ ተቦርቡሮ ብረቱ ይቀበርበታል፣ ከላይ ልባጩ ይሸፍነዋል፣ በስኳድራ ይታያል። የብረቱ አናት ከጠረጴዛው ገጽ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ልባጩ ብቻ ከገጹ እኩል ይሆናል። የመላጊያ ስለት ብረት ከነካ ቀኑ በመሳል ያልፋል።

ማሰሪያው ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ብሎን ይሁን፤ ራሱ ከገጹ በታች ተቀብሮ፣ ከሥር በሰፊ ሮንደላና በዳዶ ይጠበቅ። ቪቴ በጊዜ ብዛት እንጨቱን ቦርቡሮ ይወጣል። ካሰሩ በኋላ መፈተኛው ወረቀት ነው። ወረቀት በሁለቱ መንጋጋዎች መሐል አስገብተው ቀስ ብለው ሲዘጉ መጀመሪያ መያዝ ያለበት ከላይ በኩል ነው። ከታች ቀድሞ ከያዘ ልባጩን ከሥሩ ትንሽ መላግ ይበቃል።

ይህ ሁሉ የትም አገር ይሠራል። አሳይታ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ይህች የአፋር ከተማ የአዋሽ ወንዝ ወደ አቤ ሐይቅ ከመድረሱ በፊት በሚያረሰርሰው ቆላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከደጋ የሚመጣ የባሕር ዛፍ ጣውላ በደንብ ደርቋል የሚባለው እንኳን 12 ከመቶ ያህል እርጥበት ይዞ ይደርሳል፤ በዚህ አየር ወደ 7 ወይም 8 ይወርዳል። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጠረጴዛ ገጽ በዚያ ብቻ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ የጠበቀን ዳዶ ለማላላት በቂ ነው። እርጥብ የተገዛ ከሆነማ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላው መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ በመሐሉ እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ ሳምንታት ይቆይ። ሞርሳው ከታሰረ በኋላም ዳዶዎቹ በየጊዜው ይጥበቁ። መንጋጋውን የሚያጠብቀውን ብሎን በግሪስ ማጥለቅለቅ እዚህ አይመከርም፤ አቧራው ተለጥፎበት ብረቱን ይበላዋል። በጨርቅ የተቀባ ቀጭን ዘይት ይሻላል።

ለልባጩ ደግሞ አፋር ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፕሮሶፒስ በ1970ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በመካከለኛው አዋሽ ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው። አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል። ፍሬውን የበሉ ከብቶችና ግመሎች ዘሩን በፋንድያቸው አዳርሰውት ግጦሹን ወርሶታል፣ እሾሁ እግር ይወጋል። አርብቶ አደሩ ቢጠላው አይፈረድበትም። እንጨቱ ግን ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅም ከአብዛኛው እንጨት ያነሰ ይሸበሸባል። ከሰል ብቻ ሆኖ ማለቁ ያሳዝነኛል። ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠማማና ቀጭን ስለሆነ የጠረጴዛ ገጽ አይወጣውም፤ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቁራጭ ግን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፣ ለመንጋጋ ልባጭ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ የእንጨቱ መስመር በቁመቱ ሳይሆን በአግድም ይሂድ። ልባጩን የሚይዘው ቪቴ ከመግባቱ በፊት ቦታው በትራፓኖ ይበሳ፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ሳይበሳ ከገባ ይሰነጠቃል።