በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ ዜጎች ስለ ጡረታ፣ ስለ ጉዳት ካሳና ስለ አገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ማወቅ የሚገባቸው



ለብዙ ዓመታት ሠርታችሁ ወደ አገር ለመመለስ ስትዘጋጁ፣ ወይም ጉዳት ደርሶባችሁ መሥራት ሲያቅታችሁ፣ «የዚህ አገር መንግሥት ጡረታ ይከፍለኛል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ወርኃዊው የጡረታ አበል የውጭ አገር ሠራተኛን አይጨምርም። ይሁን እንጂ ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ምንም መብት የለኝም» ብለው ይደመድማሉ፤ አሠሪው ያቀረበላቸውንም ወረቀት ሳያነቡ ይፈርማሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጡረታ ባይኖርም በሕግ የተደነገጉ ሌሎች ክፍያዎች ስላሉ፣ የሚከተለውን በጥሞና እንድታነቡ እናሳስባለን።

1. ጡረታን በተመለከተ

በተለምዶ «ጎሲ» እየተባለ የሚጠራው የሳዑዲ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከሚያስተዳድራቸው ዘርፎች መካከል የጡረታው ዘርፍ ለአገሩ ዜጎች የተቋቋመ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ዘርፍ ግን በግል ድርጅት የተቀጠረውን የውጭ አገር ሠራተኛም ያካትታል። የዚህ ዘርፍ መዋጮ ከደመወዝ 2 በመቶ ሲሆን፣ የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ነው። ስለዚህ «ለጎሲ ነው» ተብሎ ከእናንተ ደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ ሊኖር አይገባም።

ወደዚህ ከመምጣታችሁ በፊት በአገር ቤት በጡረታ ዐቅድ ታቅፋችሁ ከነበረ፣ የመዋጮ ማስረጃችሁን በጥንቃቄ ያዙ። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት በዕድሜ ምክንያት ወርኃዊ አበል ለማግኘት በመደበኛው አሠራር 60 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

2. በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ

የሥራ ላይ ጉዳት የሚባለው በሥራ ሰዓት ወይም በሥራው ምክንያት የደረሰ አደጋ ብቻ አይደለም። ከመኖሪያ ወደ ሥራ ስትሄዱና ከሥራ ስትመለሱ የሚደርስ አደጋ፣ እንዲሁም ሥራው ያስከተለው በሽታም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። የሕክምናው ወጪ በዋስትናው ይሸፈናል፤ መሥራት ላልቻላችሁባቸው ቀናትም የቀን አበል ይከፈላል።

ጉዳቱ ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ከሆነ፣ የአገሩ ዜጋ ወርኃዊ አበል ሲያገኝ የውጭ አገር ሠራተኛ የ84 ወር አበል በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። የክፍያው ጣሪያ 330,000 ሪያል ነው። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ካሳው የሚወሰነው የሐኪሞች ቦርድ በሚሰጠው የጉዳት መጠን ነው። ሠራተኛው በሥራ ጉዳት ሕይወቱ ካለፈ ደግሞ ካሳው ለወራሾቹ ይደርሳል።

ካሳው የሚሰላው አሠሪው በጎሲ ባስመዘገበው ደመወዝ ላይ መሆኑን አትዘንጉ። 2,000 ሪያል እየተከፈለው በ1,000 ሪያል የተመዘገበ ሠራተኛ ካሳው በግማሽ ይቀንስበታል። ስለዚህ በደኅናው ጊዜ ምዝገባችሁን አረጋግጡ። ጉዳት ሲደርስ በ7 ቀን ውስጥ ለአሠሪው አስታውቁ፤ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን። የሆስፒታልና የፖሊስ ወረቀቶችንም አስቀምጡ።

3. ሕመሙ ከሥራው ጋር ባይያያዝም

በሠራተኛ ሕጉ የሚተዳደር ሠራተኛ በዓመት ውስጥ 30 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጥሎም 60 ቀን ከደመወዙ ሦስት አራተኛ ጋር፣ ከዚያም 30 ቀን ያለ ክፍያ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ይህ ፈቃድ ሳያልቅ በሕመም ምክንያት ብቻ ከሥራ ሊሰናበት አይችልም። ፈጽሞ መሥራት እንደማይችል በሐኪም ማስረጃ ሲረጋገጥ ውሉ ይቋረጣል፤ ይህ ግን በፈቃድ ሥራ እንደ መልቀቅ አይቆጠርም። ስለዚህ በታመማችሁ ጊዜ «በፈቃዴ ሥራ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብላችሁ አትፈርሙ። ምክንያቱን በሚቀጥለው ስሌት ታገኙታላችሁ።

4. የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ

ጡረታ ለሌለው ሠራተኛ ትልቁ መተማመኛ ይህ ክፍያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል። መነሻው የመጨረሻው ደመወዝ ነው፤ ዓመት ያልሞሉ ወራትም በድርሻቸው ይቆጠራሉ።

ለምሳሌ የመጨረሻ ደመወዙ 2,000 ሪያል የሆነ ሠራተኛ 7 ዓመት ቢያገለግል፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት 5,000፣ ለቀሩት 2 ዓመታት 4,000፣ በድምሩ 9,000 ሪያል ያገኛል። ይኸው ሠራተኛ በፈቃዱ ቢለቅ ግን የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 6,000 ሪያል ነው። በፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ 2 ዓመት ካልሞላው ምንም አያገኝም፤ ከ2 እስከ 5 ዓመት አንድ ሦስተኛውን፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሁለት ሦስተኛውን፣ 10 ዓመት ከሞላው ሙሉውን ይወስዳል። ሴት ሠራተኛ በጋብቻዋ በ6 ወር ውስጥ ወይም ከወለደች በ3 ወር ውስጥ ውሏን ብታቋርጥ ሙሉ ክፍያው ይገባታል።

5. የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ

የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በልዩ ደንብ እንጂ ከላይ በተገለጸው የሠራተኛ ሕግ አይደለም፤ በጎሲም አይታቀፉም። በደንቡ መሠረት በአንድ አሠሪ ቤት 4 ተከታታይ ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ይገባታል። ይህ ክፍያ ካልተከፈለ ወር ደመወዝና ከዕረፍት ክፍያ የተለየ ነው፤ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግም ላኪውን ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ያደርጋል። በዚህም ምክንያት የውላችሁ ቅጂ ከእጃችሁ ባይጠፋ፣ ቤተሰባችሁም አንድ ቅጂ ቢይዝ መልካም ነው።

6. ከመፈረማችሁና ከመሳፈራችሁ በፊት

በሠራተኛ ሕጉ መሠረት ውሉን ያቋረጠው አሠሪው ከሆነ ሒሳባችሁን በ1 ሳምንት፣ ያቋረጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ ሊከፍል ይገባል። «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል ሰነድ የሚፈረመው ገንዘቡ ከተቆጠረ ወይም ባንክ ከገባ በኋላ ነው። ዐረብኛ የማታነቡ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት የሚያስረዳችሁ ሰው ፈልጉ።

አለመግባባት ቢፈጠር አቤቱታው በቅድሚያ የሚቀርበው በሰው ኃብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ለሚካሄደው የስምምነት ሂደት ነው፤ ካልተፈታ ወደ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሠራተኛ ሕጉ የሚተዳደር ሠራተኛ የሥራ ግንኙነቱ ከተቋረጠ 12 ወር ካለፈ በኋላ የሚያቀርበው ክስ በመርሕ ደረጃ ተቀባይነት የለውም። የመውጫ ቪዛ ተመትቶላችሁ መቆየት የማትችሉ ከሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጉዳያችሁን ለሚከታተልላችሁ ሰው ሕጋዊ ውክልና ስጡ።

የላባችሁ ዋጋ የሚታወቀው በሰነድ ነው። ውላችሁን፣ የደመወዝ ማስረጃችሁንና የሕክምና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችን ብትመጡ፣ ስሌቱን አብረን እንሠራለን።