የቤቱን መኪና ለእሽቅድምድም ማዋል ይገባልን?

በአሜሪካ አገር አንድ የቤተ ሰብ አባት ማታ ከእራት በኋላ ወደ ጋራዡ ገብቶ፣ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ ሲያስብ ቢታይ መኪናው ተበላሽቶበታል ብሎ መፍረድ አይገባም። ምናልባት ሞተሩ ከማናቸውም ጊዜ ይልቅ ደኅና ይሠራ ይሆናል። ሰውየው የሚያወጣ የሚያወርደው፣ ወደ ሥራ የሚሄድባትንና ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስባትን ያችኑ መኪና «ድራግ ሬስ» ለሚባለው እሽቅድምድም ለማሰናዳት ወይም እንዳለች ለመተው ነው። ባለቤቱም ከወጥ ቤት ሆና የዝምታውን ምክንያት አታጣውም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ምርጫ ነው።

ድራግ ሬስ ሁለት መኪናዎች ጐን ለጐን ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥታ መንገድ ላይ የሚያደርጉት አጭር ውድድር ነው። ርቀቱ በልማድ ሩብ ማይል፣ ይኸውም 402 ሜትር ያህል ነው። መታጠፊያ የለበትም፤ ነገሩም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ጨዋታው በካሊፎርኒያ በደረቁ ሐይቆች ሜዳና በየጐዳናው ሲደረግ ከቆየ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ዋሊ ፓርክስ የተባሉት ሰው ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋሙ። አሳባቸው ወጣቶቹን ከአላፊ አግዳሚው መንገድ አውጥቶ ሥርዓትና ሕግ ወዳለው ሜዳ ማግባት ነበር። በ1955 በካንሳስ ክፍለ ግዛት በግሬት ቤንድ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር ተደረገ፤ በ1963 ደግሞ መነሻውን በባንዲራ ማመልከት ቀርቶ፣ ስለ መልኩ «የገና ዛፍ» የተባለው ባለ ብዙ መብራት ምሰሶ ተተከለ።

ፈተናው የሚመጣው ከትንሽ ነገር ነው። መካኒኮች 45 ኪሎ ያህል ክብደት የቀነሰ ሰው ከጊዜው የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያተርፋል ይላሉ። ስለዚህ ባለ መኪናው መጀመሪያ መለዋወጫውን ጐማና ክሪኩን ያወርዳል። ይህ ጉዳት የለውም፤ በማግስቱ ይመልሳቸዋል። ቀጥሎ ግን ዓይኑ በኋላው ወንበር ላይ ያርፋል። ከዚያም የኋላው ጐማ መሬቱን አጥብቆ እንዲይዝ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጐማ ይገዛል፤ ይህ ጐማ በደረቅ ሜዳ ላይ እጅግ መልካም ሲሆን፣ ውሃውን የሚያሳልፍበት ቦይ ስለሌለው ዝናብ በጣለ ቀን መኪናዋን እንደ በረዶ ላይ ያንሸራትታታል። አነሣሷ እንዲፈጥን የዲፈረንሲያሉን ጥርስ ቢለውጥ፣ ሞተሩ በረጅም መንገድ ላይ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፤ ቤንዚንም ይበላል። ቫልቮቹን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዘንግ ለውድድር በተሠራ ቢተካው፣ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ ስበት ስለሚደክምም ፔዳሉ ይከብዳል። የሞተሩ ጉልበት ሲጨምር ደግሞ የቀድሞው ካምቢዮ አይችለውም። አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል፤ እኛ እንደምናየውም ገንዘቡ የሚያልቀው በመጀመሪያው ዕቃ ሳይሆን በዚህ መጠራራት ነው።

ከወጪው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የደኅንነት ሕጉ ነው። በቆየው የማኅበሩ ደንብ፣ ሩብ ማይሉን በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ ሰው የራስ ቁር መድፋት አለበት፤ 11.49 ሲደርስ ከጀርባው በላይ የሚቆም የብረት ቧንቧ፣ 9.99 ሲደርስ ደግሞ ነጂውን በሙሉ የሚከብ የተበየደ የብረት አጥር ያስፈልገዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያልተነካ አዲስ መኪና ለሚያመጣ ሰው ሕጉ ላላ ብሎለታል፤ የተለዋወጠች መኪና ግን ከዚህ አታመልጥም። ይህ ብረት በሜዳው ላይ መኪና ስትገለበጥ ነፍስ ያድናል። የራስ ቁር ሳይደፋ በተራ ቀበቶ ብቻ ታስሮ በከተማ ውስጥ ለሚጓዝ ሰው ግን በራስ ቅሉ አጠገብ የተበየደ መዶሻ ማለት ነው። ቀላል ግጭት ቢደርስ ራሱ የሚመታው ከዚያው ላይ ነው። በስፖንጅ ቢሸፍኑትም አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከኋላ ልጅ ለሚያስቀምጥ አባት ከዚህ የበለጠ ምን ማስጠንቀቂያ ይኖራል?

በ2017 የዶጅ ፋብሪካ «ዲመን» የምትባለውን የቻሌንጀር ዓይነት ባሳየ ጊዜ ሩብ ማይሉን በ9.65 ሰከንድ እንደምትጨርስ አስታወቀ። መኪናዋ የምትሸጠው በነጂው ወንበር ብቻ ነበር፤ የጐኑንና የኋላውን ወንበር የፈለገ ገዢ ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር እየከፈለ ያስጨምር ነበር። ዋጋው ለቀልድ ያህል ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው ራሱ ፍጥነትንና ቤተ ሰብን እንዴት እንደ ለያቸው ያሳያል።

የመድን ውልም ብዙ ጊዜ በውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አይከፍልም፤ በመንገድ ላይ ከምትሄድ መኪና የጭስ ማጣሪያዎችን ማውለቅም በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ሰውየው ደስታውን ይተው እንዴ? አይተውም። ብዙ ሰው የሚወዳደርበት «ብራኬት» የሚባል ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ነጂ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል ብሎ በመስታወቱ ላይ ይጽፋል። አንዱ 14.50፣ ሌላው 11.20 ቢጽፉ፣ ዘገምተኛው 3.30 ሰከንድ ቀድሞ ይለቀቃል። ከጻፈው ጊዜ ይልቅ የፈጠነ ደግሞ፣ ተጋጣሚው ሌላ ጥፋት ካልሠራ በቀር፣ ይሸነፋል። ስለዚህ የቤት መኪና የያዘ ሰው መብራቱን በጥንቃቄ ተመልክቶ ቢነሣና መኪናውን ጠንቅቆ ቢያውቅ፣ ብዙ ሺህ ዶላር ያፈሰሰውን ሊረታ ይችላል። ለእኛ ከጨዋታው ሁሉ የሚያስደስተው ይኸኛው ነው።

ቤቱ አንድ መኪና ብቻ ካለው አትነካ እንላለን። ምኞቱ ዓመት ሙሉ ካልበረደለት፣ ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ፣ ሰሌዳ የማያስፈልጋት አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ በሌላ መኪና አስጐትቶ ወደ ሜዳው ይውሰዳት፤ በእርሷ ላይ የፈለገውን ብረት ይበይድ። እስከዚያው ግን ቅዳሜ ማታ የቤቱን መኪና እንዳለች ይዞ ይሂድና ይሞክር። ሲመለስ ጊዜው የታተመበትን ትንሽ ወረቀት ለባለቤቱ ያሳያታል፤ ሰኞ ጧትም ልጆቹ በኋላው ወንበር ላይ ሆነው «አባባ፣ ስንት ሰከንድ ገባህ?» እያሉ ይጠይቁታል።