አሮጌ ዴስክቶፕን ሳናቃጥል ማፍጠን ይቻላል?

የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው። ቢቃጠል ምትክ የለም። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ለምን አናፈጥነውም?» ብለው ሲጠይቁኝ የሰጠኋቸውን መልስ ለእናንተም ጻፍኩት።

ሲስተም ባስ ማለት ፕሮሰሰሩ ከራምና ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መንገድ ነው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚገኘው የባሱ ፍጥነት በማባዣ ሲባዛ ነው። ለምሳሌ ኮር ቱ ዱኦ ኢ4300 ባሱ 200 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው 9 ነው፤ ውጤቱ 1800 ሜጋኸርዝ። ባሱን 220 ብናደርገው 1980 ይሆናል። ባሱ 800 ነው ተብሎ ተጽፎ ብታዩ ግራ አይግባችሁ፤ በአንድ ምት አራት ጊዜ መረጃ ስለሚልክ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ፋይላችሁን በፍላሽ ገልብጡ። ፋኑን ከአቧራ አጽዱ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ከሆነ ቀይሩት። ከዚያ፦

1. ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ግቡ። የድሮውን ቁጥር ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። የባስ ማስተካከያ ከሌለው እዚያው ተዉት፤ ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የለም።

2. ባሱ ሲጨምር ራሙም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሙን ፍጥነት ዝቅ አድርጉ።

3. ፒሲአይ 33፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ደግሞ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆለፍ። አለበለዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

4. ባሱን በ5 በ5 ሜጋኸርዝ ጨምሩ። ቮልቴጅ አትንኩ።

5. በየደረጃው በሜምቴስት86 እና በፕራይም95 ፈትኑት። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ኮምፒውተሩ ከደረቀ ወደ ኋላ ተመለሱ። ጠዋት የሠራ ቀትር ላይ ሊደርቅ ስለሚችል ፈተናው በቀኑ ሙቀት ይሁን።

እኔ ራሴ ቸኩዬ ከ200 ወደ 270 በአንዴ ዘልዬ ስክሪኑ ጠቆረ። የተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ውስጡ ነበር፤ ላብ አሰመጠኝ። መብራቱን ነቅዬ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አውጥቼ ትንሽ ቆይቼ ስመልሳት ባዮሱ ወደ ድሮው ተመለሰ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጡት የኢንቴል ሁለተኛ ትውልድ ኮር ኮምፒውተሮች ላይ ግን ባሱን አትሞክሩ። እዚያ አንዱ 100 ሜጋኸርዝ ምት ሌሎቹን ክፍሎች ጭምር ስለሚነዳ፣ ጥቂት ሲጨመርበት ሁሉም ይናጋል።

በጄኔሬተር ወይም በሶላር የምትጠቀሙ ደግሞ፣ የፈጠነ ፕሮሰሰር ተጨማሪ መብራት እንደሚበላ አትርሱ። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትንኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ራም መጨመርና አቧራ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል። እኛም በመጨረሻ 220 ላይ አቆምን፤ ልጆቹ እስካሁን እየተማሩበት ነው።