ሽንት በከረጢት የሚወጣላቸው ሰዎች አንጀታቸው ሲዘጋ ምን ማድረግ አለባቸው?

በሮም ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው ሰላም ፓላስ፣ ከአውሮፓውያኑ 2006 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ እና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ይኖሩበታል። በ2014 የወጣ የጣልያን ሕግ ያለ ፈቃድ የተያዘ ሕንጻን በመኖሪያ አድራሻነት ማስመዝገብን ይከለክላል። አድራሻ ያላስመዘገበ ሰው ደግሞ የሕመም ታሪኩን የሚያውቅ የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘት ይቸገራል።

ይህ ክፍተት ከባድ ከሚሆንባቸው ሕመሞች አንዱ ከዩሮስቶሚ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመላለስ የአንጀት መዘጋት ነው።

አንጀት ለምን ይዘጋል?

የሽንት ፊኛ በካንሰር ወይም በሌላ ምክንያት ሲወጣ፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከትንሹ አንጀት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ሽንት በሆድ ላይ ወደተለጠፈ ከረጢት የሚወርድበት መተላለፊያ ይሠሩበታል። የቀረው አንጀት ተመልሶ ይገጠማል። ቁስሉ ሲድን የሚፈጠረው ጠባሳ ከዓመታት በኋላም አንጀትን ሊያጣብቅና ሊያጥፍ ይችላል።

እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና አዲስ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ የአንጀቱ የደም ዝውውር ካልተቋረጠ፣ ሐኪሞች በቅድሚያ ምግብ ያስቆማሉ፤ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣሉ፤ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦም ጨጓራን ያቀልላሉ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

መጥቶ የሚሄድ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት፣ ትውከት እንዲሁም የዓይነ ምድርና የአየር አለመውጣት ዋነኞቹ ናቸው። ከረጢቱ በሽንት መሙላቱ አንጀት ላለመዘጋቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የሽንቱ ማነስና መጥቆር ግን ሰውነት ውሃ እያጣ መሆኑን ይጠቁማል። ፋታ የማይሰጥ ሕመምና ትኩሳት ከታከሉበት መዘግየት ለሕይወት ያሰጋል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት በራስ ውሳኔ መውሰድም አደገኛ ነው።

ጥንቃቄው

በደንብ ያልታኘከ ቆሎ፣ ፈንዲሻ እና ክር የበዛበት አትክልት በጠበበው ቦታ ሊቀረቀር ይችላል። ጥቂት በጥቂት መብላት፣ በደንብ ማኘክ እና ውሃ መጠጣት ይረዳል። ጿሚዎች ከውሃ ከመከልከላቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

በድንገተኛ ክፍል

በሮም የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 112 ነው። አድራሻ አለማስመዝገብ አስቸኳይ ሕክምና አያስከለክልም። ታካሚውን የማያውቅ ሐኪም ግን ከረጢቱን የዓይነ ምድር ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ሰነድ ቅጂ መያዝ፣ ከረጢቱ የሽንት መሆኑንና አንጀት ከዚህ ቀደም መዘጋቱን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በጣልያንኛ የመጀመሪያው “ኡሮስቶሚያ”፣ ሁለተኛው “ኦክሉዚዮኔ ኢንቴስቲናሌ” ይባላል። ሁለቱን ቃላት በወረቀት አስጽፎ ከመታወቂያ ጋር መያዝ፣ ሕመም መናገር በሚከለክልበት ሰዓት ለታካሚው ይናገሩለታል።